ደጃፍ ላይ የያዝነው ካርቶንም ንግግር ነው

ሰሞኑን በዋሺንግተንና አካባቢው በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ፒኬት ንግግር አይደለም» ይላል። ጸሐፊው ሬስቶራንትና የሚያከራዩት ሕንፃ ያላቸው፣ ለብዙ አዲስ መጪዎች የመጀመሪያ ሥራ የሰጡ የማኅበረሰባችን ሰው ናቸው፤ አክብሮቴ እንዳለ ነው። የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ሠራተኞች ጽሑፍ ይዘው በአንድ ድርጅት ደጃፍ ሲመላለሱ፣ ፒኬት የሚባለው ይህ ነው፣ እያስገደዱ ነው እንጂ እየተናገሩ አይደለም፤ ይህንንም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 ወስኖ ዘግቶታል። በጠቡ የሌለበት ሦስተኛ ወገን መጎዳት ስለሌለበት ኮንግረስ መከልከሉ ትክክል ነው። ደጃፉ የሰው ንብረት ነው። መናገር የፈለገ ሠራተኛ በራሪ ወረቀትና ፌስቡክ አለለት። ከዚያ ደግሞ እኛ በሰው አገር እንግዶች ስለሆንን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን የአባቶች ቃል ብንይዝ ይሻለናል ይላሉና፣ «ይህ ነገር በእናንተ ደጃፍ ቢሆንስ?» ብለው ጠይቀው ይጨርሳሉ።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት በመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ሠርቻለሁ፤ ስድስቱን ዓመት ባልደረቦቼ መርጠውኝ የዩኒየን ተወካይ ነበርኩ። «ይህን መጻፍ ይቻላል? እዚያ ጋ መቆም ይቻላል?» እያሉ ሲጠይቁኝ የማላውቀውን እንዳልመልስ ስል ፍርዶቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ሕጉ ከመግባቴ በፊት አንድ ማለዳ ልንገራችሁ። ጥር ነበር፣ ገና አልነጋም። ጋራዣችን ከአንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ሥር ነው። ደመወዛችንን የሚከፍለን ጋራዡን በኮንትራት የያዘው ኩባንያ ነው፤ ሕንፃው ግን የሌላ ነው። ኮንትራቱን ለማን፣ በስንት እንደሚሰጥ የሚወስነው ባለሕንፃው ነው። እሱ ዋጋ ሲቀንስ የእኛ የጤና ኢንሹራንስ አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ማታ አንድ ጓደኛችን ሳሎን ተሰብስበን ካርቶኖቹ ላይ የሁለቱንም ስም ጻፍን። ጠዋት የዩኒየኑ ጠበቃ መጣች፣ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አየችና ከቦርሳዋ ጥቁር ፕላስተር አውጥታ የሕንፃውን ስም ሸፈነችው። «ይህ ከታየ ነገ ፍርድ ቤት ነን» አለች። ስድሳን ያለፉ፣ አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ ባልደረባችን አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ካርቶናቸውን ተቀብለው ፕላስተሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «የጻፍነው ውሸት ነው እንዴ?» ብለው በአማርኛ ጠየቋት፤ እኔ ተረጎምኩ። «አይደለም፣ እውነት ነው። ግን በሕጉ ዓይን እነሱ ገለልተኛ ናቸው» አለች። በዚያ ብርድ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ፕላስተር የተለጠፈበት ካርቶን ይዘን ተመላለስን። አላፊ አግዳሚው ከፕላስተሩ ሥር ምን እንዳለ ይጠይቀን ነበር።

ጠበቃዋ አልተሳሳተችም። የሠራተኛና የአሠሪን ጠብ የሚዳኘው የፌዴራል መንግሥት አካል፣ የብሔራዊ ሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ፣ በ1950 ሙር ድራይ ዶክ በተባለው የመርከብ መጠገኛ ጉዳይ አንድ መመዘኛ አስቀምጧል። ሁለት ድርጅቶች በአንድ ስፍራ ሲሠሩ ፒኬቱ ጠበኛው አሠሪ ከሚሠራበት ቦታ ሳይርቅ መደረግ አለበት፤ ጽሑፉም ጠቡ ከማን ጋር እንደሆነ በማያሻማ ቃል መናገር አለበት። ከዚያ ካለፈ ሦስተኛ ወገንን ወደ ጠቡ እንደመጎተት ይቆጠራል። ያን ቀን እኛ በር አልዘጋንም፣ መኪና አላስቆምንም፣ ማንንም አልተሳደብንም። የተሸፈነው ቃል ነው፤ ያውም እውነተኛ ቃል። ጸሐፊው «የተከለከለው ድርጊት ነው እንጂ ንግግር አልተነካም» ሲሉ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ፕላስተር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክራቸው ልሂድ። ፍርድ ቤቱ ነገሩን በ1957 ዘጋው ይላሉ። በ1940 ምን ብሎ እንደነበር ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም። አላባማ ውስጥ ባይረን ቶርንሂል የሚባል የአንድ የእንጨት ማከሚያ ፋብሪካ የዩኒየን ፕሬዚዳንት ነበር። አድማ ላይ ሳሉ ወደ ሥራ ሊገባ ወደመጣ አንድ ሠራተኛ ጠጋ ብሎ አድማ ላይ ነን፣ ማንም እንዲገባ አንፈልግም አለው። ያ ሠራተኛ ራሱ ቀርቦ ሲመሰክር ቶርንሂል በሰላም እንዳናገረው፣ እንዳላስፈራራው፣ የተቆጣም እንደማይመስል ነው የተናገረው። ግን የአላባማ ሕግ ፒኬትን በጅምላ ይከለክል ስለነበር ሰውዬው ተፈርዶበት 100 ዶላር ተቀጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ያን ሕግ ሻረው። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ፍራንክ መርፊ ስለ ሠራተኛና አሠሪ ጠብ እውነታውን ለሕዝብ ማሳወቅ ሕገ መንግሥቱ ከሚጠብቀው ነጻ ውይይት ውስጥ ነው አሉ። ያ ፍርድ እስከ ዛሬ በግልጽ አልተሻረም። ጎኑና ጎኑ እየተከረከመ መኖሩ ግን አይካድም።

እንዴት እንደተከረከመ ለማየት ጸሐፊው የሚመኩበትን የ1957ቱን ጉዳይ ራሱን እንየው። ዊስኮንሲን ውስጥ ኦኮኖሞዎክ በሚባል ስፍራ ቮግት የሚባል ድርጅት የጠጠር ማውጫ ነበረው፤ ሠራተኞቹ ከ15 እስከ 20 ቢሆኑ ነው። ዩኒየኑ አባል ሊያደርጋቸው ሞክሮ አልሆነለትም። ከዚያ መግቢያው ላይ ሰው አቆመ፤ የያዙት ጽሑፍ እዚህ የሚሠሩት ሰዎች መቶ በመቶ የማኅበራችን አባላት አይደሉም ከማለት ያለፈ ነገር የለበትም። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። ስድብ የለበትም፣ ዛቻ የለበትም። የጭነት መኪና ሾፌሮች ግን ያን አይተው ጠጠር ማመላለሱን ተዉ። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ3 የክልሉ ዳኞች ያንን ፒኬት ማገድ ይችላሉ አለ፤ የፒኬቱ ዓላማ አሠሪው ሠራተኞቹን ወደ ዩኒየን እንዲገፋ ማስገደድ ነው፣ ክልሉ ደግሞ ያን ዓላማ የመከልከል መብት አለው በሚል ምክንያት። ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ የልዩነት ሐሳባቸውን ሲጽፉ ፍርድ ቤቱ ዛሬ የሽንፈት ውሉን ፈረመ አሉ፤ የተሸነፈውም ያ የ1940 መርህ ነው።

ስለ ዳግላስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሳገኝ እኔ ራሴ ቆም ብዬ ነበር። ጸሐፊው የሚጠቅሱት «ፒኬት ከንግግር በላይ ነው» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዳግላስ ብዕር ነው። በ1942 በኒው ዮርክ የዳቦ አመላላሾች ጉዳይ፣ ፒኬት ስፍራን መቃኘት ስላለበትና ሰዎች መኖሩን ብቻ አይተው አንድ ነገር ሊያደርጉ ስለሚችሉ ከንግግር በላይ ነው ብለው ጻፉ። ግን በዚያ ጉዳይ የፈረዱት ለፒኬት አድራጊዎቹ ነው! ለማለት የፈለጉት መንግሥት ሁከቱን፣ ግርግሩን፣ በር መዝጋቱን መቆጣጠር ይችላል ነው። ቀጥለው የመጡት ዳኞች «በላይ» የሚለውን ቃል ይዘው ፒኬትን ከንግግር በታች አወረዱት። በ1957 ዳግላስ ተቃውመው ሲጽፉ ቃላቸው የት እንደደረሰ እያዩ ነበር። ጸሐፊው ያችን ዓረፍተ ነገር ከመጥቀሳቸው በፊት ተናጋሪው ራሱ በኋላ ምን እንዳለ ቢያዩ መልካም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ክርክር «ፒኬት ምልክት ነው» የሚል ነው። በ1980 ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ እንደጻፉት፣ ሰው ፒኬት ሲያይ አስቦ ለሐሳብ ምላሽ አይሰጥም፤ ለምልክት ወዲያው ይታዘዛል። እውነትነት የለውም አልልም። የዩኒየን አባል የሆነ ሾፌር ፒኬት ካየ መኪናውን ያዞራል፤ ጽሑፉን እስኪጨርስ አይጠብቅም። ግን ወዲያው የሚገባ ነገር ንግግር አይደለም ያለው ማን ነው? ነጠላዋን ዘቅዝቃ የምትመጣ ሴት ስናይ ማንም አይነግረንም፤ ቤቷ ሐዘን እንደገባ እናውቃለን፣ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንላለን። አላሰብንም ማለት ነው? ያን ሐሳብ ከእናት ከአባቶቻችን ጋር ኖረን፣ ስንቱን ቀብር ቀብረን፣ በልባችን ጨርሰነው ስለኖርን ነው በአንድ እይታ የሚገባን። ሾፌሩም እንደዚያው ነው። ዓመት ሙሉ በስብሰባ፣ በእረፍት ሰዓት ክርክር፣ በራሱ ደመወዝ ያሰበበትን ነው በዚያች ደቂቃ የሚፈጽመው።

ደግሞ ለሌላው ሰው ሁሉ ሲሆን ምልክት መሆን ጥፋት አይደለም። ዌስትቦሮ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በ2006 ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ሜሪላንድ ዌስትሚንስተር፣ ኢራቅ ላይ የሞተ ወጣት ወታደር ሲቀበር ፒኬት አደረጉ። ሰባት ነበሩ። ስለ ሞቱት ወታደሮች እግዚአብሔርን የሚያመሰግን ጽሑፍ ይዘው። አባትየው ከሰሱ። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ንግግሩ የተጠበቀ ነው አለ። በዚያ ፍርድ አልከፋም፤ የምንጠላውን ቃል ካልጠበቅን የምንወደውም አይጠበቅም። ግን አስቡት። አባት ልጁን በሚቀብርበት ቀን ያን የሚያህል ክፉ ቃል ይዞ መቆም የተጠበቀ ንግግር ከሆነ፣ «እባክዎ እዚህ መኪና አያቁሙ፣ ኢንሹራንሳችንን ቀንሰዋል» ብሎ መመላለስ በምን ሒሳብ ከዚያ ያነሰ ይሆናል?

በ1972 የቺካጎ ጉዳይም አለ። ከተማው በትምህርት ቤት አቅራቢያ ፒኬት ሲከለክል የሠራተኛ ጠብን ብቻ ፈቅዶ ነበር። አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ትምህርት ቤቱ ጥቁሮችን ያገላል የሚል ጽሑፍ ይዞ ብቻውን ሲመላለስ የከረመ ነበርና ከሰሰ። ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በጻፉት ፍርድ መንግሥት በሐሳቡ ይዘት ለይቶ አንዱን ፒኬት ፈቅዶ ሌላውን ሊከለክል አይችልም ተባለ። በጁን 1980 ደግሞ የኢሊኖይ ተመሳሳይ ሕግ በዚሁ ምክንያት ተሻረ። በዚያው ወር ይኸው ፍርድ ቤት፣ ከታች የማነሳውን የሴፍኮ ጉዳይ ሲወስን፣ የሠራተኛ ፒኬት መሆኑን ለይቶ መከልከል ይቻላል አለ። እንግዲህ ሠራተኛውን ለይቶ መጥቀም አድልዎ ነው፤ ለይቶ መከልከል ግን አድልዎ አይደለም። ይህን ለማስታረቅ ብዙ ሞክሬአለሁ፤ አልሆነልኝም። ጸሐፊው ከቻሉ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ወደ ሦስተኛው ወገን ልሻገር። እዚህ ላይ የጸሐፊው ጭንቀት እውነተኛ ነው። በጠቡ የሌለበት ትንሽ ሱቅ ደንበኛው ቢሸሽበት ያማል፤ ያን ባለሱቅ ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን፣ ከእሱ ዳቦ እንገዛለን። ኮንግረስ በ1947 በታፍት-ሃርትሊ ሕግ፣ በ1959 ደግሞ አጥብቆ፣ ዩኒየን ሦስተኛ ወገንን እንዳያስገድድ የከለከለው ይህን ይዞ ነው። ግን የ1959ኙ ሕግ እውነተኛ መረጃ ለሕዝብ ማሰራጨትን ፈቅዶ ሲያበቃ «ከፒኬት በስተቀር» የሚል ሐረግ አስገባ። ያው እውነት በጋዜጣ ሲወጣ፣ በሬዲዮ ሲነገር የተፈቀደ ነው፤ በካርቶን ተጽፎ በደረት ሲያዝ ብቻ ነው ጥፋት የሚሆነው።

ይህን ሕግ እስከ መጨረሻው ማንበብ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚያጋጭ ዳኞቹ ራሳቸው የተረዱበት ጊዜ ነበር። በዋሺንግተን ክልል ያኪማ አካባቢ የፖም ፍሬ የሚያሽጉ ሠራተኞች አድማ ላይ ነበሩ፤ ፖሙ ደግሞ በሲያትል 46 የሴፍዌይ መደብሮች ይሸጥ ነበር። ዩኒየኑ በየመደብሩ በር ጥቂት ጥቂት ሰው አቆመ። የሰጣቸውን መመሪያ ሳነብ የእኛ ጠበቃ ትዝ አለችኝ። ደንበኛ በሚገባበት በር ብቻ ቁሙ፣ ዕቃ በሚወርድበት በኩል አትጠጉ፣ የመደብሩን ሠራተኛ ሥራ አታደናቅፉ፣ መደብሩን ተዉት አትበሉ። ጽሑፋቸው ይህን የዋሺንግተን ፖም እባካችሁ አትግዙ፣ እናመሰግናለን የሚል ነበር። በ1964 ፍርድ ቤቱ ይህ አልተከለከለም አለ። ዳኛ ሁጎ ብላክ በውጤቱ ተስማምተው፣ ሕጉ ግን ይህን ከልክሏል፣ ስለዚህም ሕጉ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ጻፉ።

በ1980 የሴፍኮ ጉዳይ ሲመጣ ግን ያ በር ጠበበ። ሴፍኮ የኢንሹራንስ ኩባንያ ነው። የእሱን ፖሊሲ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውል፣ የሚሸጡ አምስት የአካባቢ ድርጅቶች ነበሩ፤ ከገቢያቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዚያ ነው። ዩኒየኑ በደጃቸው ቆሞ የሴፍኮን ፖሊሲ ሰርዙ አለ። ጽሑፉ ከፖሙ ጽሑፍ አይለይም። ፍርድ ቤቱ ግን ጥሪው ቢሳካ ድርጅቶቹ ስለሚከስሩ ሕገ ወጥ ነው አለ። እንግዲህ የቃሉ ሕጋዊነት በቃሉ አይለካም ማለት ነው። ያው ዓረፍተ ነገር፣ ብዙ ዓይነት ዕቃ በሚሸጥ መደብር ፊት ሲሆን ነጻ ነው፤ አንድ ዕቃ ብቻ በሚሸጥ ሱቅ ፊት ሲሆን ወንጀል ባይሆንም ሕገ ወጥ ነው። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ አንድ ዕቃ ብቻ የሚሸጠው ድርጅት ከጠበኛው አሠሪ ጋር ይበልጥ የተሳሰረ መሆኑ ነው። ከሁሉ ያነሰ ገለልተኛ የሆነው ከሁሉ የበለጠ ጥበቃ አገኘ። የእኛም ባለሕንፃ እንደዚያ ነው። ደመወዛችን በእሱ ኮንትራት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ በሕጉ መዝገብ ግን እንግዳ ነው።

ጸሐፊው «ሕጉ ሁለቱንም ወገን እኩል ይጠብቃል» ያሉትን ሳነብ አዘንኩ፤ ምክንያቱም ሥራ ላይ ሲውል አይቼዋለሁ። ዩኒየን ሦስተኛ ወገን ላይ ፒኬት አደረገ የሚል ክስ ሲቀርብ ቦርዱ ከሌላ ጉዳይ ሁሉ አስቀድሞ እንዲያየው ሕጉ ያዛል፤ ክሱ መሠረት ያለው ከመሰለ የቦርዱ ጠበቃ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዶ እግድ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። የተጎዳው ድርጅትም የጉዳት ካሳ መክሰስ ይችላል። አሠሪ አንዲትን ሴት ዩኒየን ደገፍሽ ብሎ ሲያባርርስ? እግድ መጠየቅ በቦርዱ ፈቃድ የተተወ ነው። ብታሸንፍ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፣ ያመለጣት ደመወዝ ይታሰብላታል፣ ከዚያ ላይ በመሃል ሌላ ቦታ ሠርታ ያገኘችው ይቀነስባታል። ቅጣት የሚባል ነገር የለም። አንዲት ባልደረባችን እንዲህ ሆና ጉዳይዋ እስኪያልቅ ልጇ ሁለት ክፍል ተሻገረ። አሸነፈች። አልተመለሰችም፤ በዚያን ጊዜ ሌላ ከተማ ነበረች።

ንብረትን በተመለከተ ብዙ አልከራከርም። የግል የገበያ ማዕከል ውስጥ ገብቶ ፒኬት ማድረግ በፌዴራል ሕገ መንግሥት የተጠበቀ መብት እንዳልሆነ በ1976 አትላንታ አካባቢ በነበረ አንድ የጫማ መደብር ጉዳይ ተወስኗል፤ ከዚያ ስምንት ዓመት በፊት የተባለው ተቃራኒው ቢሆንም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሕጉን በትክክል ጠቅሰዋል። ግን እኛ የቆምነው በሕዝብ እግረኛ መንገድ ላይ ነው። መንገድና አደባባይ ዜጎች ተገናኝተው ስለ ሕዝብ ጉዳይ የሚነጋገሩባቸው ናቸው የተባለውም በ1939 ነው፤ የጀርሲ ሲቲው ከንቲባ ፍራንክ ሄግ የዩኒየን ሰዎችን ስብሰባና በራሪ ወረቀት ሲከለክሉ። ከዩኒየን ጠብ የተገኘ መብት ዛሬ ለሁሉም ሰው ሲሠራ ለባለቤቱ ማነሱ ያንገበግበኛል።

«ሌላ መንገድ አላቸው» ወደሚለው ልምጣ። በራሪ ወረቀት አለ፤ እውነት ነው። በ1988 ፍሎሪዳ ታምፓ ውስጥ የግንባታ ሠራተኞች በአንድ የገበያ ማዕከል መግቢያ ወረቀት ሲያድሉ ፍርድ ቤቱ ተፈቅዷል አለ። በ2010 ደግሞ ቦርዱ በአሪዞና ጉዳይ ትልቅ ባነር ዘርግቶ ዝም ብሎ መቆም ፒኬት አይደለም አለ፤ ባነሩ የሦስተኛውን ወገን ስም ጠርቶ «ያሳፍራል» ቢልበት እንኳ። ዩኒየኖች ለተቃውሞ በአየር ነፍተው የሚያቆሙትን ትልቁን የአይጥ ፊኛ ማቆምም እንደዚያው በ2021 ተፈቅዶ ጸንቷል።

እኛም በሚቀጥለው ሳምንት ያደረግነው ይህን ነው። ካርቶኖቹን ትተን ባነር አሠራን፣ የሕንፃው ስም በትልቁ ተጻፈበት፣ ጫፍና ጫፉን ይዘን ከበሩ ራቅ ብለን ቆምን። ፕላስተር የለ፣ ምን የለ። ጋሼ አንዱን ጫፍ ይዘው ትንሽ ዝም አሉና «እና አሁን ባነሩን እንደያዝኩ አንድ እርምጃ ብራመድ?» አሉኝ። ጠበቃዋን ጠየቅኋት። «አይራመዱ» አለች። ብርድ ስለነበረ እግራቸው ደንዝዞ ማንቀሳቀስ ፈልገው ነበር። ባነሩን ለእኔ ሰጥተው፣ እጃቸውን ኪስ ከተው፣ ባዶ እጃቸውን እግራቸውን አፍታትተው ተመለሱ።

ቆሞ የያዙት ስም ንግግር ነው፣ እየተራመዱ የያዙት ስም ማስገደድ ነው። ለዚህ ልዩነት ደጃፉ ላይ ካለፈው ሰው አንድስ እንኳ የሚረዳው ያለ አይመስለኝም። ፌስቡኩንም ሞክረነዋል። የለጠፍነውን ያዩት እኛን የሚያውቁን ናቸው፤ በዚያ ጋራዥ መኪናውን የሚያቆመው ሰው ግን አያውቀንም፣ አማርኛም አያነብም፣ በሩ ላይ ካላገኘነው የትም አናገኘውም። ፒኬት ደጃፍ ላይ የሚደረገው ለዚህ ነው። የሚመለከተው ሰው የሚወስንባት ደቂቃ እዚያች በር ላይ ናት።

ስለ ሁከት ግን ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ። በ1941 የተፈረደበት የቺካጎ ወተት ጉዳይ መስኮት የተሰበረበት፣ ፈንጂ የተወረወረበት ነው፤ ያን የሚያደርግ ይታሰር። በር የሚዘጋ፣ ሰው የሚያስፈራራ፣ የሚዋሽ ይጠየቅ፤ ለእነዚህ ሁሉ ለማንም የሚሠራ ሕግ አለ። የምቃወመው ምንም ሳያጠፉ የሠራተኛ ቃል ስለሆነ ብቻ የሚታገደውን ነው። በ1982 ይኸው ፍርድ ቤት፣ ያው ዳኛ ስቲቨንስ ጽፈውት፣ ሚሲሲፒ ፖርት ጊብሰን ውስጥ ጥቁሮች በነጮች ሱቆች ላይ ያደረጉት ቦይኮት በሰላም እስከተካሄደ የተጠበቀ ነው ብሏል። ነጋዴዎቹ ብዙ ከስረዋል። ክስረቱ ንግግሩን አልሻረውም። እዚያው ፍርድ ውስጥ ግን የዩኒየን የሦስተኛ ወገን ቦይኮት ሊከለከል እንደሚችል ተጽፏል።

ከሁሉ የከበደኝ ጸሐፊው እንግዶች ነንና ዝም እንበል ያሉት ነው። ጽሑፉ ውስጥ ሦስት ጊዜ «አድመኞች» ብለውናል። አማርኛችን ለሴራም ለሥራ ማቆምም «አድማ» የሚል አንድ ቃል ስላለው ነው ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ። ግን ትርጉሙን እናውቀዋለን። አባቶቻችን በዚያ ስም የተጠሩት በ1966 ዓ.ም. የካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ መኪናቸውን ሲያቆሙም ነው። እንግዶች ነን ላሉት ደግሞ፣ እኔ ግብር እከፍላለሁ፣ ልጆቼ እዚህ ተወልደዋል፣ የመናገር ነጻነትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ደግሞ ስደተኛና ባላገር ብሎ አልለየም። ብሂል ከሆነም «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉትም እነዚያው አባቶች ናቸው። ጋሼ ኢንሹራንሳቸው ሲቀነስ የስኳር መድኃኒታቸውን በቀን አንድ ጊዜ አደረጉት። ዝም ብለው ነበር። የዳኑት በዝምታ አይደለም።

«በእናንተ ደጃፍ ቢሆንስ?» ብለው ለጠየቁትም ልመልስ። ሬስቶራንት ቢኖረኝና ያሰናበትኩት ወጥ ሠሪ «የሦስት ሳምንት ደመወዜ አልተከፈለኝም» የሚል ካርቶን ይዞ በደጄ ቢመላለስ እናደዳለሁ፤ ቅዳሜ ማታ ከሆነማ በጣም። በሩን ከዘጋ ፖሊስ እጠራለሁ። ከዋሸ በስም ማጥፋት እከሰዋለሁ። እውነት ከሆነ ግን ያለኝ መንገድ ወይ መክፈል ነው፣ ወይ እኔም ወረቀት ወስጄ የራሴን በኩል ጽፌ መስኮቱ ላይ መለጠፍ ነው። ደንበኛው ሁለቱንም አንብቦ ይግባ፣ ወይም ወደ ጎረቤት ይሂድ።